ልጁ ሌሊቱን «ውሃ ውሃ» ሲል

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በቤታችን ጮክ ተብሎ የማይወራ ነው። እኔ እዚህ ሀገር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አማርኛዬም ከእናንተ ቡና አጠገብ ተቀምጬ የለቀምኩት ነውና ቃል ቢዛባብኝ ይቅር በሉኝ። ልጅ አባቱን ሊመክር ተነሳ እንዳትሉኝም እለምናችኋለሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። የኦገስት ሙቀት ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ እናቴ ጽዳት ሥራ ላይ፣ አባቴ ጥበቃ ላይ ናቸው። ልጁ የሚውለውም የሚያድረውም አያታችን ዘንድ ነበር። ውሃ ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ አይረካም። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሳል። ይህን ከሁላችንም በፊት ያዩት አያቴ ናቸው። «ሙቀቱ ነው» አሉ። ልጁ እየከሳ ሄደ። ጎረቤቶች «ቁመት እየጣለ ነው እኮ፣ ጎረምሳ ሊሆን ነው» ሲሉን እኛም ደስ አለን። አንድ ሌሊት፣ ያን የሚያህል ልጅ፣ ፍራሹ ላይ ሽንቱ አመለጠው። አያቴ አንሶላውን ጎህ ሳይቀድ አጥበው አሰጡት። ልጁ እንዳያፍር ብለው ለእናቴ አልነገሯትም።

ከዚያ ማስመለስ መጣ፣ «ሆዴን» አለ። አያቴ እጁን ይዘው ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዱት። አስተርጓሚው ማን ነበር መሰላችሁ? ራሱ የታመመው ልጅ። አያቴ ለሐኪሙ በአማርኛ «ሌሊት ይሸናል፣ አንሶላ አጥቤለታለሁ፣ ውሃ አይጠግብም» ብለው ተናገሩ። ወንድሜ አፈረ። ስለ ሆዱ ብቻ ተረጎመ፣ የቀረውን ዋጠው። ሐኪሙም «ቫይረስ ነው፣ ይተኛ፣ ፈሳሽ ይጠጣ» ብሎ መለሳቸው። ጣቱን ወግቶ አንዲት ጠብታ ደም ያየ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ትንፋሹ ጠልቆና ፈጥኖ፣ አፉም ከመጠን በላይ የበሰለ ፍሬ ይሸት ነበር። ሚዩን ስንደርስ ነርሷ ጣቱን ወጋች። ማሽኑ ቁጥር መጻፍ አቃተው፤ ከሚለካው በላይ ነው የሚል ምልክት ብቻ አሳየ። ወንድሜ ሁለት ሌሊት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛ፣ ተረፈ። አያቴ እስከ ዛሬ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ምልክቶቹን በሙሉ አይተው ነበርና። ምን እንደሆኑ ግን በሚገባቸው ቋንቋ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ልበል። ውሃ የማይጠግብ፣ ሽንት የሚያበዛ፣ እየበላ የሚከሳ፣ ድካም ድካም የሚለው ልጅ ካያችሁ፣ ወይም አልጋ ላይ መሽናት ከተወ ቆይቶ እንደገና የጀመረ ካለ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ነው የሚኬደው። የጣት ደም ምርመራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፣ በየኩፓት ሆሊሙ አለ። ዕብራይስጥ የሚቸግራችሁ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ያዙ፤ ለወንድ ልጅ «ቲቭደኩ ሎ ሱካር»፣ ለሴት ልጅ «ቲቭደኩ ላ ሱካር»። ስኳሩን ለኩለት፣ ለኩላት ማለት ነው። ማስመለስና የሆድ ሕመም ከተጨመረበት፣ ትንፋሹም ከከበደ፣ ክሊኒክ ሳይሆን በቀጥታ ሚዩን ነው። ወይም ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም 101 ይደወላል።

አሁን ነገሩ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሐኪሞች «ሆርሞን» ሲሉ ለብዙዎቻችን የራቀ ቃል ይመስላል፤ እናንተ ግን ሥራውን ጎንደር ሳላችሁ አይታችሁታል። እንቅርትን አስቡ። አንገት ላይ ያለችው እጢ ሆርሞን ለመሥራት አዮዲን የሚባል ነገር ትፈልጋለች። በደጋው አፈርና ውሃ አዮዲን ስለሚያንስ እጢዋ የጎደላትን ለማግኘት ስትታገል ታብጣለች። ሆርሞን በደም ውስጥ የሚላክ መልእክተኛ ነው፤ ላኪዋ እጢ ከታመመች መልእክቱ ይቀራል፣ የሰውነት ሥራም ይዛባል። ለዚህም ነው እዚህ ሀገር ማንኛውም ሕፃን እንደተወለደ ከተረከዙ ደም የሚወሰደው። ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ ይኸው የአንገት እጢ መድከም ነው፤ ቶሎ ካልታወቀ የልጁን አእምሮ ይጎዳል፣ ቶሎ ከታወቀ ግን በቀን አንዲት ክኒን ይበቃዋል።

ስኳርም እንዲሁ ነው። ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን ይልካል። የበላነው እንጀራ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ደም ውስጥ ሲገባ፣ ከደም ወጥቶ ጡንቻ ውስጥ እንዲገባ በር የሚከፍትለት ኢንሱሊን ነው። ወንድሜን የያዘው አንደኛው ዓይነት የሚባለው ስኳር ነው። የራሱ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ስኳሩ በደሙ ሞልቶ እያለ ሰውነቱ ይራባል። ሽንት የሚበዛው ትርፉን ስኳር ለማስወጣት ነው፤ ውሃ የሚጠማው ያ ሽንት ስላደረቀው ነው፤ የሚከሳው የራሱን ስብና ሥጋ እያቃጠለ ስለሚኖር ነው። ስብ ሲቃጠል የሚወጣው አሲድ ነው ትንፋሹን የሚያሸተው፣ ዝም ካሉትም የሚገድለው።

ይህ ዓይነቱ ስኳር ከረሜላ በመብላት አይመጣም። አንድ ዘመዳችን ቤታችን መጥተው እናቴን «በፔቴል አበላሻችሁት» አሏት፤ እናቴ ሳምንት አለቀሰች። ፔቴል መጠጣት ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ግን የወንድሜን ቆሽት ፔቴል አልነካውም። እናቱም፣ አያቱም፣ የማንም ዓይን አላደረገበትም።

ከመቶ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ልጅ በጥቂት ወራት ይሞት ነበር። በ1921 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ከእንስሳ ቆሽት አወጡ። በጃንዋሪ 1922 መጀመሪያ የተወጋው ሰው ሌናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነበር። አጥንቱ ቀርቶ ነበር ይባላል፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ዛሬ ደግሞ ክንድ ላይ የምትለጠፍ ሴንሰር አለች፣ ስኳሩን በየደቂቃው ወደ ስልክ ትልካለች። ኢንሱሊኑን በትንሹ በትንሹ የሚሰጥ ፓምፕም አለ። አንደኛው ዓይነት ስኳር ላለበት ልጅ ይህ ሁሉ በጤና ቅርጫቱ ውስጥ ያለ መብት ነው። የማይቻለው ኢንሱሊኑን ማቆም ነው። ሥርና ቅጠል፣ ጸሎትና ምርቃት ከኢንሱሊኑ ጋር ይሁን፣ ማንም አይከለክልም። በኢንሱሊኑ ፋንታ ከሆነ ግን ልጁ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ይህን ለስለስ አድርጌ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ወደ ድብቁ ነገር ልመለስ። ወንድሜ ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ አያቴ ኢንሱሊኑን በጨርቅ ጠቅልለው ከፍሪጁ ታችኛው መሳቢያ፣ ከአትክልቱ ሥር ቀበሩት። እንግዳ ሲመጣ ልጁ መርፌውን ሽንት ቤት ገብቶ ይወጋ ነበር። ትምህርት ቤት ለጓደኞቹ እንዳይናገር ተመከረ። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነገ ለጋብቻ ሲጠየቅ፣ ሰባት ቤት ሲቆጠር፣ «በእነ እገሌ ቤት በሽታ አለ» ይባላል ተብሎ ነው። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ልጃቸውን የሚወዱ ናቸው። ግን መዘዙን እዩት። ልጅ ስኳሩ ሲወርድበት ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ቃሉ ይወላገዳል፣ እንደ ሰካራም ይሆናል። ጓደኛውና መምህሩ ካላወቁ «ምን ሆነ ይሄ ባለጌ» ብለው ያልፉታል። የሰወርንለት ስም አይደለም የሚያድነው፤ አጠገቡ ያለው ሰው ማወቁ ነው።

ስለ ዘር ለሚሰጉም ልንገራቸው። አንደኛው ዓይነት ስኳር ካለበት ወላጅ ከሚወለዱ መቶ ልጆች በሽታው የሚይዛቸው ጥቂት ብቻ ናቸው፤ እጅግ የሚበዙት ጤነኞች ናቸው። ስኳሯን በደንብ የያዘች ሴት ልጅ አግብታ፣ በሐኪም ክትትል አርግዛ፣ ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች። ሰባት ቤት የምትቆጥሩ አባቶች ይህን ስትናገሩ የሚሰማችሁ ሰው እኔን ከሚሰማኝ መቶ እጥፍ ይበልጣል።

ደግሞ በተደበቀ ነገር ላይ መብት አይጠየቅም። አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ልጅ ቤተሰብ ከቢቱአሕ ለኡሚ የልጅ አበል መጠየቅ ይችላል። በመዋዕለ ሕፃናትና በታችኛው ክፍል ላለ ትንሽ ልጅ ስኳሩን የምትከታተል ሳያዓት ትመደባለች። እነዚህን የማይጠይቁት የተከለከሉ ሰዎች ብቻ አይደሉም። «ፋይሉ ላይ ይጻፍበታል» ብለው የፈሩም አሉ።

አሁን ስለ ሁለተኛው ዓይነት። ይኸኛውን ከእናንተ ብዙዎቹ በራሳችሁ አካል ታውቁታላችሁ፤ ክኒኑ በየቤቱ መሳቢያ አለ። ከሀገር ቤት ስንመጣ ግን እንዲህ አልነበረም። በዘመቻ ሙሴም ሆነ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡት ሰዎች ስኳር የሚባል ነገር በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ነበር። ገና በ1980ዎቹ መጨረሻ ሐኪሞች እዚህ ጥቂት ዓመት በኖሩ ወጣት ኢትዮጵያውያን ላይ ስኳር ሲበዛ አስተውለው በሕክምና መጽሔት ጽፈውበታል። ብዙዎቹ ደግሞ ወፍራም አልነበሩም። ይህ ነጥብ ይሰመርበት። በፈረንጁ ሚዛን «ቀጭን ነው፣ ምንም አይለው» የሚባለው የእኛ ሰው በዚያው ኪሎ ስኳር ሊይዘው ይችላል። ሐኪሙ ራሱ ቅጥነቱን አይቶ ሊዘነጋ ስለሚችል «ቤተሰባችን ውስጥ ስኳር አለ» ብሎ መናገር ከእኛ ይጠበቃል።

እዚህ በሀገሩ ሐኪሞች የሚያሳስባቸው ሁለተኛው ዓይነት ከአዋቂ ወደ ጎረምሳ እየወረደ መምጣቱ ነው። በጉርምስና ዕድሜ የሚፈሱት ሆርሞኖች በራሳቸው የኢንሱሊንን ሥራ ያከብዱታል፤ በዚያ ላይ ተቀምጦ መዋልና ጣፋጭ ሲጨመርበት ቆሽቱ ይደክማል። እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳር የነበረባት ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይጠበቃል። አንድ ምልክት አለ፣ አያቶች ሁሉ የምታውቁት፣ ምን እንደሆነ ግን የማይነገራችሁ። የልጁ አንገት ከኋላ በኩል ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ቆዳው እንደ ከፋይ ይሆናል፤ ብብቱም እንዲሁ። «ይሄ ልጅ አይታጠብም» ተብሎ በሳሙና ይፈተጋል፣ በሎሚ ይታሻል። እድፍ አይደለም። ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ አልሠራ ብሎ ሲበዛ የሚመጣ የቆዳ ለውጥ ነው። ልጅቱን በፈተግናት ቁጥር እናሸማቅቃታለን እንጂ አይለቅም። ወደ ሐኪም ወስዶ ደም ማስመርመር ነው ያለው። ሁለተኛው ዓይነት ገና በዋዜማው ከተደረሰበት፣ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ለዓመታት ማራቅ ይቻላል።

ፔቴሉን እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አያቶቹ ቤት የሚጠብቀው ፍቅር ብዙ ጊዜ ጣፋጭ ነው። ይገባኛል፤ ስኳር በሀገር ቤት ብርቅ ነበር፣ ለእንግዳና ለልጅ የሚሰጥ ክብር ነበር። እዚህ ግን ከውሃ ቀጥሎ የረከሰው ነገር እሱ ነው። አንድ ቆርቆሮ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ስምንት ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። እናንተ ሻይ ውስጥ ስምንት ማንኪያ ብጨምርላችሁ ትተፉታላችሁ። እንጀራውም ተለውጧል። ጤፉ ሲወደድ በነጭ የስንዴ ዱቄት እየተደባለቀ፣ አንዳንዱም ጤፍ ያልነካው ሆኗል፤ ነጭ ዱቄት ደግሞ ደም ውስጥ በፍጥነት ስኳር ይሆናል። ሽሮውና ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ስንፈልግ ወጥተን በእግር የምንሄደው መንገድ፣ ይህ ሁሉ የእናንተ ነበር። ልጆቻችሁ ሐኪም ዘንድ ሄደው በገንዘብ የሚማሩት እናንተ ትታችሁት የመጣችሁትን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እስቃለሁ፣ ትንሽም ይቆጨኛል።

ማኮሌት ስትገቡ ማንበብ አያስፈልጋችሁም። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም ጎጂ ስብ የበዛበት ምግብ ላይ ቀይ ክብ ምልክት እንዲታተም ሕግ ወጥቷል። ፊደሉ ምንም ይበል፣ ቀዩን ክብ ካያችሁ ለልጅ በየቀኑ የሚሰጥ አይደለም። መንግሥት በ2022 በጣፋጭ መጠጦች ላይ ቀረጥ ጥሎ ነበር፤ በ2023 አነሳው። ይህ ገጽ ያ ውሳኔ ስህተት ነበር ብሎ ያምናል። ቀረጡ ድሃውን ይጎዳል ተባለ። በስኳር በሽታ እግሩን የሚያጣው፣ ዓይኑ የሚጠፋው፣ ኩላሊቱን በማሽን የሚያሳጥበው ግን ይበልጡን ያው ድሃ ነው።

ከመንግሥትና ከኩፓት ሆሊሞቹ የምንጠይቀው ሌላ ነገር አለ፣ እሱም የአያቴ ጉዳይ ነው። ልጅ ለራሱ ሕመም አስተርጓሚ አይሁን። በሕግ መከልከል ያለበት ይመስለኛል። በአማርኛ የሚያስረዱ የጤና አገናኞች፣ መጋሽሪም የምንላቸው፣ በአንዳንድ ክሊኒኮች አሉ፣ ሥራቸውም የተመሰከረ ነው። ግን ሕዝባችን በሚኖርበት ሰፈር ሁሉ በቋሚነት ይመደቡ፤ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቆረጡ አይሁኑ። የሕፃናት ሐኪምም የሚያስመልስ ልጅ ሲመጣለት ጣቱን ወግቶ ማየት ምን ያህል ይከብደዋል? ከ1995 ጀምሮ የጤና መድን ሕግ ለሁላችንም እኩል ነው ይላል። ቋንቋ ከሌለበት እኩልነት ወረቀት ላይ ነው።

ስኳር ያለበትን ልጅ ለምትጠብቁ አያቶች አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚያደናግር ስለሆነ። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ድንገት ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢገረጣ፣ የማይሆን ቢናገር፣ ስኳሩ ወርዷል። ያን ጊዜ ስኳር የሌለበት መጠጥ አይረዳውም። ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ያንኑ ፔቴል ወዲያው ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ፣ ካልተነሳ ይደገም። «ስኳር አለብህ፣ ጣፋጭ አትንካ» ብለው የነፈጉት ልጅ ወድቋል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይደረግ፣ 101 ይጠራ።

ጾም መጣ፣ ስግድም ይመጣል። ወንድሜ በ13 ዓመቱ፣ ባር ሚጽቫውን ባደረገበት ዓመት፣ አስተሥርዮን እጾማለሁ ብሎ ማንም ሳያየው ጾመ፤ ኢንሱሊኑን ወግቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ተዝለፍልፎ አገኘነው። ለምን እንዲህ አደረግህ ስንለው «ለቄሱ ምን ልበላቸው?» አለ። አያቴ ያን ዕለት ተነስተው እሳቸው ራሳቸው ወደ ቄሱ ሄዱ፤ ከሁለት ዓመት ድብቅ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ውጭ ለሆነ ሰው ተናገሩ። ቄሱም ቤታችን መጡ። ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ በፊታችን፣ ነፍስን ማዳን ሰንበትንም ጾምንም እንደሚበልጥ ነገሩት፤ ከዚያም ዳቦ ቆርሰው በእጁ ሰጡት። በማግስቱ ኢንሱሊኑ ከአትክልቱ ሥር ወጥቶ ከወተቱ አጠገብ ተቀመጠ። ወንድሜ ዛሬ 20 ዓመቱ ነው። ሠራዊቱ በሕመሙ ምክንያት ነፃ ቢያደርገውም በፈቃደኝነት ገብቷል፤ ሴንሰሯ ክንዱ ላይ ናት፣ እጅጌውን አይሸፍንባትም።

ዘንድሮ ስግድ ላይ በአርሞን ሃናጺቭ ከቄሶቻችን አንዱ ጸሎቱ ሲያልቅ ሁለት ደቂቃ ወስደው ይህንኑ ለሕዝቡ ቢናገሩ እንለምናለን። ኪሱ ውስጥ መርፌ ደብቆ የቆመ ልጅ እዚያ መካከል መኖሩ አይቀርም።